ነይ ላይ የሚዘለው ሸክላ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ትንሽ ገባ ብሎ የልብስ ሰፊው የቲጃኒ ቤት አለ። የሳሎኑ ወለል ጣውላ ነው፤ ከጣውላዎቹ አንዷ መሃሏ ጎድጉዷል። አዲስ እንግዳ ባያት ቁጥር «ምስጥ ነው ወይስ አይጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ምስጥም አይጥም አይደለም፤ የሰው እግር ነው። የቤቱ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ ለኢድ የመጣው፣ ለለቅሶ የመጣው ሁሉ አርባ ምናምን ዓመት እዚያች ጣውላ ላይ ሲረግጥ ነው የኖረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲጃኒ አንድ ሸክላ አለው። ሌሎችም አሉት፤ ግን ሌሎቹን የሚያስታውሳቸው ሰው ስለሌለ አንድ አለው ብንል ይሻላል። ይሄ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ተቀምጦ መርፌዋ ስታርፍበት መጀመሪያ ቸስ ቸስ ይላል፣ ቀጥሎ ክራር ይገባል፣ ከዚያ ዛሬ ስሙን እንኳ የሚያስታውሰው የጠፋ አንድ ዘፋኝ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ይላል፦

አረማመድሽን አይቶ ልቤም ረጋ፣
ካንቺ ጋር ስጓዝ ነው ሌሊቱ እሚነጋ፣
ጎጀብን ተሻግረን እስክንገባ ካገር፣
አንቺ ካለሽልኝ ምን አለብኝ ችግር፣
ነይ...

«ነይ» ላይ ሸክላው ጭረት አለበት። መርፌዋ እዚያ ስትደርስ ትያዝና «ነይ... ነይ... ነይ...» እያለች ሰው እስኪደርስላት ትጠብቃለች። አንድ ሰው ተነስቶ ያቺን ጣውላ በእግሩ ዷ! ሲያደርጋት መርፌዋ ትደነግጥና ዘላ መጨረሻው ላይ ታርፋለች፦

እንግዲህ ከጎኔ አትለዪ አደራ፣
ካንቺ ጋር ነው ኑሮ፣ ሜዳና ተራራ።

አለቀ። ዘፈኑ ይኸው ነው። ሌላ ነገር ይኖረዋል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። የቲጃኒ አንዲት ልጅ ሩፈይዳማ ትንሽ ሳለች ዘፈን ሁሉ መሃሉ ላይ የሚረገጥ ይመስላት ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ መዝሙር ሲዘመር እግሯን ዷ አድርጋ ከሰልፍ አስወጥተዋታል።

ቲጃኒ ሚስቱን ሐጂራን ያገኛት በዚህ ሸክላ ነው። ያኔ ጢሙ ገና ያልጠና ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሷ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት ትኖር ነበር። ሽማግሌ ቢልክ ቢልክ «እስቲ እናስብበት» ብቻ ሆነ መልሱ። ታዲያ አንድ ቀን በሸክላ ሻጭ ደጃፍ ሲያልፍ «አረማመድሽን አይቶ» የሚለውን ሰማ። ልቡ ስንጥቅ አለ። እስኪያልቅ መቼ ጠበቀ! ሰተት ብሎ ገባና «ይሄን ጠቅልልልኝ» አለ፤ የራሱ ማጫወቻ ስላልነበረው መልሶ እንኳ ሳይሰማው ላከላት። ወንድሟ ማጫወቻ ነበረው። ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «ይሁን ብላለች።»

ሐጂራ ስታገባ ሸክላውን በሙሽራ ልብሷ መሃል ሸጉጣ ይዛው መጣች። ቲጃኒ ከብዙ ልፋት በኋላ ማጫወቻ ገዝቶ ሲያስቀምጠው፣ ያው ጭረቱ አለ። «ያ ወንድምሽ ዕቃ አያያዝ አያውቅም» እያለ ሰውየውን እስኪሞት ድረስ አማው። ከሞተም በኋላ አልተወውም።

ሐጂራ በሸክላዋ ትኮራለች። ሠርግ ቤት ሙሽራ ባየች ቁጥር ጠጋ ብላ «እኔን በዘፈን ነው የጠየቀኝ። አንቺንስ በምን ጠየቀሽ፣ በቴሌግራም?» ትላለች። ሸክላው ሲከፈት እንድትረግጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ስትረግጥ ከንፈሯ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ቲጃኒ ቢስሚላሂ የምትል ይመስለው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የሰውየው ጭንቀት አይገባችሁም። ከተጋቡ በኋላ ልጅ ዘገየ። ዘገየ ስላችሁ መንደሩ ተስፋ ቆርጦ ነበር። የቲጃኒ እናት፣ አላህ ይማራቸውና፣ ምላሳቸው ልጓም አልነበረውም፤ ሐጂራ እየሰማች «ልጄ በቅሎ አገባ» ይሉ ነበር። በቅሎ አትወልድማ። ቲጃኒ ያኔ ለእናቱ አንድ ቃል መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። በኋላ አላህ ሩፈይዳን ሰጣቸውና አሮጊቷም አፋቸውን ያዙ። ግን ከዚያ ወዲህ «በቅሎ» የሚባል ቃል እዚያ ቤት አይነሳም። ቲጃኒ ከሐጂራ ጋር መንገድ ሲሄድ በቅሎ ከሩቅ ካየ ወደ ሌላ ቅያስ ይጠመዘዛል። በጅማ ዙሪያ ኖሮ ከበቅሎ መሸሽ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

ዘንድሮ ለኢድ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የሩፈይዳ ባል ፋሂም ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ፋሂም በቾ ቦሬ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ነውሩ አንድ ብቻ ነው፣ ዘፈን ሲሰማ ግጥም አይሰማም። እሱ የሚሰማው ቤዝ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ ቁመታቸው ሕፃን የሚያህል ስፒከሮች አወጣና ሳሎኑን ሞላው።

«አባ፣ ከእንግዲህ ያን ሸክላ ይገላገሉታል» አለ። «ይሄ ዲጂታል ነው። ድምፁ ወላሂ ውሃ ነው።»

«ውሃማ ጣዕም የለውም» አለ ቲጃኒ።

«ሸክላው እኮ የቡና መፈልፈያ ነው የሚመስለው፤ ይንኮሻኮሻል።»

«እሱ ነው ድምፅ ማለት! ሰውየው እዚህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እሳት አጠገቡ እየነደደ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ያንተ ግን ዘፋኙን ሆስፒታል አስተኝቶ፣ አጥቦና አንጥቶ ነው የሚያመጣው።»

ተጨቃጨቁ። ተከራያቸው ዘለቀ፣ ኮሌጅ ስታትስቲክስ የሚያስተምረው፣ ጭቅጭቁን ሰምቶ ከሰርቪስ ቤት መጣና «ይሄ እኮ በጥናት የሚፈታ ነገር ነው» ብሎ እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረ። በመጨረሻ ሐጂራ ከጓዳ ወጣች።

«ሳሎኔ መጋዘን አይደለም» አለች። «ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። ቅዳሜ ጎረቤት ይጠራና በሰው ፊት ይወዳደሩ፤ የተሸነፈው ይውጣ። ማወዳደሪያው ደግሞ የኔ ዘፈን ነው፣ ሌላ አልሰማም።»

«ኤዬ!» አለ ፋሂም፣ ደስ ሲለው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «አባ፣ ያን ዘፈን አንዱ የድሮ ዘፈኖችን የሚለቅ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። ያለ ጭረት፣ ሙሉውን!»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ፋሂም ዘፈኑን በቲጃኒ ስልክ ላከለት። ቲጃኒ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የጆሮ ማዳመጫውን ሰካና ጠላቱን ሊመረምር ከፈተው። ክራሩ ገባ። ጥርት ያለ ነው፣ ሊዋሽ አይችልም። «አረማመድሽን አይቶ»፣ እሺ። «ጎጀብን ተሻግረን»፣ እሺ። «ነይ» ሲል በልማድ እግሩን አንስቶ ዷ! አደረገ። ዘፋኙ ግን አልዘለለም። ቀጠለ፦

ነይ ላልብስሽ ኮርቻ፣ ነይ ላጉርስሽ ልጓም፣
እንዳንቺ ያለች በቅሎ ሊሙም ቦንጋም የለም፣
ገብስሽን ሰፍሬ ድርቆሽሽን አጭጄ፣
ጆሮሽን አቁመሽ ነይ በይ ወደ ደጄ።

ቲጃኒ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ወረወረው። ከዚያ አነሳና ደግሞ ሰማ። ያው ነው። በቅሎ ናት። አረማመዷም የበቅሎ አረማመድ ነው፣ ጎጀብን የተሻገሩትም ጀርባዋ ላይ ተቀምጦ ነው፣ ሜዳና ተራራውም እንደዚያው። ሰውየው ስለ በቅሎው ነው የዘፈነው።

«ያ ረቢ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ሐጂራ በሠርግ ቤት ሁሉ የኮራችበት ዘፈን! በሽማግሌ አልሆን ያለውን ልብ ያሸነፈበት ዘፈን! እናቱ በቅሎ ብለው ሰደቧት፤ እሱ ደግሞ ከእናቱ ቀድሞ፣ በጋዜጣ አስጠቅልሎ፣ በወንድሟ በኩል በቅሎ ብሏት ኖሯል። ይህን ከሰማች አለቀለት። ሐጂራ አትጮኽም፣ አትሳደብም፤ ዝም ነው የምትለው። የእሷ ዝምታ ደግሞ አንዴ ከገባ በቀላሉ የሚወጣ አይደለም።

ፋሂም ሱቅ በባጃጅ ከነፈ። «ዘፈኑን ቀይርልኝ» አለው።

«ለምን አባ? ቤዙ አላማረዎትም?»

«ቤዙ አምሯል።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

ለአማች እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? «ትሬብሉ» አለ ቲጃኒ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ። ፋሂም ደስ አለውና ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ ማለት ነው፣ አስተካክሎ መለሰው። «አሁን እያንዳንዷ ቃል ቁልጭ ብላ ነው የምትሰማው» አለ። ቲጃኒ አመስግኖ ወጣ።

በዚህ መሃል የውድድሩ ወሬ ያለ ማንም ትእዛዝ መንገድ ጀምሮ ነበር። ፋሂም ለአንድ ባለ ባጃጅ «ቅዳሜ ሸክላና ዲጂታል ይወዳደራሉ» ብሎ ነበር። ባለ ባጃጁ መናኸሪያ ላይ አወራው። ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሸቤ ገባ። ሸቤ ሲደርስ ወሬው እንዲህ ሆኗል፦ ጅማ ላይ የሸክላ ውድድር አለ፤ ዲጂታል የሚባል፣ ሸክላን ሊያስጥል የመጣ አዲስ ድስት አለ።

ቅዳሜ ከአስር በኋላ ጎረቤቱ ሳሎን ገብቶ ሲደላደል ደጅ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ጣራው ላይ ጋን ተጭኗል። ሦስት ሴቶች ድስትና እንስራ ተሸክመው ወረዱ፤ ከፊት የመጣችው መሪማ የምትባል ደልደል ያለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰዉን «ገለል በሉ» እያለች ሳሎኑ መሃል ቆመች።

«የታል ዲጂታል የሚሉት ድስት?» አለች።

ፋሂም ስፒከሩን በጣቱ አሳየ።

መሪማ ዞራ ዞራ አየችው፤ በጣቷ አንኳኳችው። «ይሄ? ይሄ እሳት ላይ ቢጣድ ምን ይተርፈዋል? ወጥ እንኳን ሊሠራ ክዳኑም አይከፈት!» ዞር ብላ ለጓደኞቿ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻቸው፣ ሦስቱም ሳቁ።

ዘለቀ ሊያስረዳት ሞከረ። «እማማ፣ እዚህ ሸክላ የሚባለው የሚዘፍነው ሸክላ ነው።»

«የኔም ይዘፍናል» አለች መሪማ፣ ጋኑን በቡጢዋ እየመታች። ጋኑም እውነቷን ነው፣ እምምም አለ። «ከሸቤ ድረስ መጥቼ ሳልወዳደር አልመለስም።» ሐጂራ እንግዳ አትመልስም፤ ውሃ አቀረበችላቸውና ጋኑ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጠ። ውድድሩ የሦስት ሆነ።

ዘለቀ የዳኝነቱን ሕግ አወጣ። ሰው በዓይኑ እንዳያዳላ የሁሉም ዓይን ይሸፈናል፤ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ የጋኑ ተራ መጨረሻ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ተሰምተው እስኪያልቁ የተነፈሰ ከዳኝነት ይወጣል። ሐጂራ ሻሽ አመጣችና ሳሎኑ ሙሉ ሰው ዓይኑ ታሰረ፣ ዘለቀም የራሱን ዓይን አሰረ። ማጫወቻውን ከቲጃኒ በቀር ማንም አይነካውም ስለተባለ ፋሂም ስልኩን ለቲጃኒ ሰጠው። «አባ፣ ይቺን ብቻ ጫን ያድርጉ።» ከዚያ የእሱም ዓይን ታሰረ።

ቲጃኒ በዓይነ ስውሮች መሃል ብቻውን ቆመ። ላቡ ይወርዳል። ሐጂራ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሰማያዊ ሻሽ ዓይኗ ላይ አስራ፣ እንደ ሙሽራ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አየት አደረጋት። ሸክላውን ከፈተ። «ነይ... ነይ... ነይ...» ሲል ሳሎኑ ሙሉ ሰው ዷ! አደረገ፤ መርፌዋ ዘለለች፣ ዘፈኑ አለቀ።

«ቀጥሎ ሁለተኛው» አለ ዘለቀ።

ቲጃኒ ስልኩን አየው። ኪሱ ከተተው። መርፌዋን አነሳና ያንኑ ሸክላ ከመጀመሪያው ደግሞ ከፈተው። ቸስ ቸስ ሲል ፋሂም ከሻሹ ስር አንድ ድምፅ አሰማ፤ ዘለቀ «ዝም!» አለው። ደግሞ «ነይ... ነይ...»፣ ደግሞ ዷ!፣ ደግሞ ሜዳና ተራራ።

«አሁን ፍርድ» አለ ዘለቀ፣ ገና ዓይኑ እንደታሰረ።

«ሁለተኛው!» አለች ጎረቤታቸው ከውሰር። «ምን ማወዳደር ያስፈልጋል? የክራሩን ጅማት ሳይቀር አየሁት።»

«ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው፣ የመጀመሪያው አቧራ አለበት» አለ ሌላው። «ዘመናዊ ነገር ዘመናዊ ነው» አለ ሌላው። ሳሎኑ በአንድ ድምፅ ሁለተኛው አለ። ቲጃኒ ከዚያ ሁሉ ጭንቀቱ መሃል እንኳ ተናደደ፤ የገዛ ሸክላው በገዛ ሸክላው ተሸነፈ።

ፋሂም ሻሹን ቦጭቆ ጣለ። «ዘለለ እኮ! ዲጂታል አይዘልም!»

«ከሸክላው ጋር አንድ ቤት አድሮ ለምዶበት ይሆናል» አለ ቲጃኒ።

«ጋሽ ቲጃኒ» አለ ዘለቀ ዓይኑን እየፈታ፣ «ዲጂታሉን ከፍተውታል?»

«የቱን ዲጂታል?»

ሳቅ ሆነ። ሐጂራ ግን አልሳቀችም። ሻሿን ቀስ ብላ ፈታችና ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ከትናንት ጀምሮ ፊትህ ልክ አይደለም» አለች። ፋሂም ስልኩን ከአማቹ ኪስ በአክብሮት አወጣና ስፒከሩን አበራው፤ ስፒከሩ በሴት ድምፅ «ብሉቱዝ ኮኔክትድ» አለ። ሁሉም ጆሮውን ቀሰረ።

መብራት ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ቲጃኒ፣ ቤቱ እስኪሰማ።

ስፒከሩ ሞተ፣ ሸክላ ማጫወቻውም ሞተ። ሰው ነጠላውንና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ቲጃኒ «በሉ እንግዲህ፣ ለሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ፣ ያለውን ቀማምሰን እንለያይ» እያለ እያንዳንዱን ሰው ወደ በሩ ይገፋል። በእፎይታ ሊሞት ነው።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ የት ትሄዳላችሁ?» አለች መሪማ። «የኔ ሸክላ መብራት ይፈልጋል እንዴ? እኛ ጭቃ ስናቦካ ስልካችንን ጋን ውስጥ ነው የምናደርገው፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። አምጣ ስልክህን።»

ቲጃኒ «አይሆንም!» ሲል ማንም አልሰማውም። ፋሂም ድምፁን ጥግ ድረስ ከፈተው፣ «ተጫወት» የምትለዋን ነካ፣ ስልኩን በሻሽ አስሮ ወደ ጋኑ ሆድ አወረደው። ክራሩ ከጋኑ ወጣ። ይህን የመሰለ ድምፅ እዚያ ሳሎን ገብቶ አያውቅም። ጥርትነቱ የዲጂታል ነው፣ ሙቀቱ የሸክላ ነው፤ ዘፋኙ ጋኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ የሚዘፍን ይመስላል። ፋሂም አፉን ከፈተ። ዘለቀ «ሱብሐነላህ» አለ፣ ክርስቲያን መሆኑን ረስቶ።

«ጎጀብን ተሻግረን» ላይ ቲጃኒ ዘሎ ጋኑ ላይ ወደቀ። ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተው። ጣቱ ስልኩን ይነካል፣ መያዝ ግን አይችልም። ሊያወጣ ሲል ክንዱ አልወጣ አለ፤ የጃኬቱ እጅጌ፣ ራሱ የሰፋው ወፍራም እጅጌ፣ የጋኑ አንገት ላይ ተቀረቀረ።

«እንዳትሰብረው!» ጮኸች መሪማ።

«ነይ» አለ ጋኑ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ዷ! አደረገ። ቲጃኒ ብቻውን ደግሞ ደጋግሞ ረገጠ፣ ዷ! ዷ! ዷ! ጋኑ ግድም አልሰጠው፦

ነይ ላልብስሽ ኮርቻ፣ ነይ ላጉርስሽ ልጓም፣
እንዳንቺ ያለች በቅሎ...

የአካባቢው ሰው ያን ቃል እዚያ ቤት ውስጥ መስማት እንደማይገባው ያውቃል። ከውሰር አፏን በእጇ ያዘች። ፋሂም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ግጥም ሰማና ፊቱ አመድ መሰለ። ቲጃኒ ጉንጩን የጋኑ ከንፈር ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማ። ቀጭን ነው፣ ሻከር ያለ ነው፣ ከዘፋኙ ጋር እኩል ይሄዳል። «...ሊሙም ቦንጋም የለም፣ ገብስሽን ሰፍሬ ድርቆሽሽን አጭጄ...» ዓይኑን ሲከፍት ሐጂራ ናት። አንዲት ቃል ሳትስት፣ ዘፋኙን እንኳ ትንሽ እየቀደመችው፣ ጆሮዋን አቁማ እስከ ደጁ ደረሰች።

ዘፈኑ አለቀ።

«ታውቂው ነበር?» አለ ቲጃኒ።

«ወንድሜ ቤት ሙሉውን ነው የሰማሁት እኮ» አለች። «ሳቄ አልቆም ብሎኝ ከወንበር ወደቅኩ። ወንድሜ ተናዶ ዱላ ይዞ ሊመጣብህ ነበር። እኔ ግን፣ ሊያታልለኝ የፈለገ ሰው ቢሆን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይልከው ነበር አልኩ። ይሄን ሰውዬ ልቡ አስቸኩሎት ነው አልኩ። ይሁን ብዬ ላኩብህ።»

«ጭረቱስ?»

«በጥልፍ መርፌዬ ነዋ! ምስኪን ወንድሜን በመቃብሩ ስታማው ኖርክ። አንተ ብትሰማው በኀፍረት ትሰብረው ነበር። እኔ ደግሞ ሸክላዬን እወደዋለሁ።»

ቲጃኒ ከዚህ በላይ መጠየቅ ፈራ፤ ግን ካልጠየቀ ደግሞ መሞቱ ነው። «እናቴ ያን ቃል ሲሉሽስ?» አለ፣ ድምፁ ጋኑ ውስጥ እየገባ።

ሐጂራ ሰዎቹን ረሳቻቸው። «አልቅሻለሁ» አለች። «አልዋሽህም፣ ብዙ አልቅሻለሁ። አንተም ዝም አልክ። ካለቀስኩ በኋላ ግን እወጣና ሸክላዬን እከፍት ነበር። እረግጥና፣ መርፌዋ ስትዘል የተዘለለውን በልቤ እል ነበር። ያቺ ጣውላ መጎድጎድ የጀመረችው ያኔ ነው። በቅሎ ናት አሉኝ፣ እሺ። እንዳንቺ ያለች በቅሎ ሊሙም ቦንጋም የለም ያለኝ ደግሞ ባሌ ነው። ሳታውቅ ያልከው ቢሆንስ? አውቆ እንደዚያ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ከውሰር አለቀሰች። ፋሂምም አለቀሰ። ዘለቀ ስለ ውጤቱ ሊናገር ጀመረና መሪማ በክርኗ ወጋችው።

ቲጃኒ ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ ትንሽ ሆነበት። ክንዱ እንደተቀረቀረ አፉን ወደ ጋኑ አፍ አስጠጋና፣ ዘፍኖ የማያውቀው ሰውዬ፣ ዘፈነ። ከጋኑ የሚወጣው ድምፅ ወፍራምና የተሰነጣጠቀ ነው። አረማመዷን አለ፣ ሌሊቱን አነጋ፣ ጎጀብን አሻገራት። «ነይ» አለ። «ነይ...» አለ። «ነይ... ነይ...» እንባው ወደ ጋኑ ይንጠባጠባል፣ ከዚያች ቃል አልፎ መሄድ አልቻለም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እግሩን ሊያነሳ የደፈረ የለም።

ሐጂራ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ያቺን የጎደጎደች ጣውላ በእግሯ ዷ! አደረገቻት።

«ላልብስሽ ኮርቻ» አለ ቲጃኒ፣ ሳይዘል።